ዶላሩ ከቆሼ ተገኘ

ዓለምዘውድ ተካ የቡኢ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ተካ በቡታጅራ መንገድ ዳር የጭነት መኪና ጎማ እየጠገኑ ነው ልጆቻቸውን ያስተማሩት። እሷ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች አዲስ አበባ በአንድ የግል ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ተቀጠረች። ባንኩ ውጭ አገር ባሉ ባንኮች ያስቀመጠው ዶላር ምን ያህል እንደሆነ፣ በሳምንቱ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ ጠዋት ማታ የምትከታተለው እሷ ነበረች። ለአዳዲስ ሠራተኞች፣ "ካዝናችን በብር ቢሞላም ፍራንክፈርት ያለው ሒሳባችን ከደረቀ ለውጭ ሰው ደሃ ነን" ትላቸው ነበር።

አባቷ ሲታመሙባት ለቡኢ ወደሚቀርበው ወደ ቡታጅራ ቅርንጫፍ ልዛወር ብላ ጠየቀች። አብሯት የሚሠራው አዳነ፣ "እዚህ እያደግሽ ምን ልትሆኚ ትሄጃለሽ?" ብሎ ተቆጣ። ሄደች። ሥራ አስኪያጅም ሆነች። የማረቆን በርበሬ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎችን አንድ በአንድ እየዞረች ተዋወቀች፤ ደቡብ አፍሪካና ሳዑዲ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦችም ገንዘቡ በባንክ እንዲላክላቸው ቤታቸው ድረስ እየሄደች ለመነች።

ባለፈው ዓመት የመስቃኑ በርበሬ ነጋዴ አብዱልሃፊዝ ከቱርክ ማድረቂያ ማሽን አዘዘ። መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ ሻጋታ እየያዘው የውጭ ገዢዎች ይመልሱት ነበርና፣ ለአካባቢው ትልቅ ነገር ነው። ባንኩ ኤልሲ ከፈተለት፤ ማለትም ዕቃው መጫኑን የሚያሳየው ሰነድ ሲደርስ በቀኑ ዶላሩን እከፍላለሁ ብሎ ለቱርኩ ሻጭ ቃል ገባ። አብዱልሃፊዝ ብሩን አስገባ፣ ማሽኑ ተጫነ፣ ሰነዱም መጣ።

የመክፈያው ቀን ሲቃረብ አዳነ ከአዲስ አበባ ደወለ።

"ዓለም፣ ተቸግረናል። ከአንድ ትልቅ ቡና ላኪ የምንጠብቀው ዶላር ዘገየ፣ የሚከፈለው ደግሞ ተደራረበ። የእናንተን ለአንድ ወር ብናቆየውስ?"

"ቃል ስንገባ ወር ይቆያል ብለናል?"

"አላልንም።"

"እንግዲያው አይቆይም። አንዴ ካዘገየን ሌላ ጊዜ የውጭ ባንኮቹ አያምኑንም። ሙሉውን አስቀድማችሁ አስይዙ ይሉናል፤ ያኔ ያለችንም ዶላር ትታሰራለች።"

"ከየት ላምጣው ታዲያ?"

"ትርፍ ካለው ባንክ ግዙ።"

"ግማሹን ብናገኝ ነው።"

"ቀሪውን ለእኔ ተዉልኝ" አለችና ዘጋች።

አብዱልሃፊዝ ወሬው ደርሶት እየተጣደፈ ቢሮዋ ገባ። "እህቴ፣ በጎን ዶላር የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ። እኔው ገዝቼ ላምጣ?"

"አቶ አብዱልሃፊዝ፣ ይሄን እንዳልሰማሁ ይቁጠሩት። ቃል የገባው ባንኩ ነው፣ የሚከፍለውም ባንኩ ነው።"

እሱ እንደወጣ ዶላር ያላቸውን ደንበኞች መዝገብ ማገላበጥ ጀመረች።

በማግስቱ ወደ ማረቆዋ ከተማ ወደ ቆሼ ወረደች። ወይዘሮ ከድጄ በርበሬ ወደ ዱባይ የሚልኩ ጠንካራ ነጋዴ ናቸው። ላኪዎች ካገኙት የውጭ ምንዛሪ ከፊሉን በስማቸው ማቆየት ስለሚፈቀድላቸው፣ እሳቸውም በዓለምዘውድ ቅርንጫፍ ደህና ዶላር አላቸው። መጋዘናቸው ውስጥ፣ በርበሬ የሚለቅሙት ሴቶች እያስነጠሱ በሚያወጉበት፣ ጆንያ ላይ አስቀመጧት።

"እትዬ ከድጄ፣ ዶላርዎን ለባንኩ እንዲሸጡልኝ ልለምን ነው የመጣሁት። በዕለቱ ዋጋ።"

"ቆይ ይጨምራል እያሉኝ እኮ ነው፣ ልጄ።"

"ሊጨምር ይችላል፣ ሊቀንስም ይችላል። አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ አልዋሽዎትም።"

"ለማን ልትሰጪው ነው?"

"እሱን አልናገርም። እርስዎ ዶላር እንዳለዎትም ለማንም አልተናገርኩም።"

ወይዘሮ ከድጄ ትክ ብለው አዩዋት። "አብዱልሃፊዝ ማድረቂያ አዟል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔና እሱ በርበሬ ገበያ ላይ ስንሻማ እንደኖርን ታውቂያለሽ?"

ዓለምዘውድ ቦርሳዋን ሰበሰበች። ተነሥታ ብትወጣ የሚሻል ሁሉ መሰላት።

ሴትዮዋ ድንገት ሳቁ። "አፈር ላይ እያሰጣሁ ስንቱ ጭነት ተመለሰብኝ! ማሽኑ የማንም ይሁን፣ ብቻ ይምጣ። የሱ ከሆነም ከፍዬ አደርቅበታለሁ። አፍሽን ስለጠበቅሽ ነው የምሸጥልሽ፤ ብታወሪልኝ ኖሮ አልሸጥም ነበር።"

ከቆሼ የተገኘው ዶላር፣ አዳነ ከሌላ ባንክ ከገዛው ጋር ተደምሮ፣ ክፍያውን ሞላ። ክፍያው በቀኑ ቱርክ ደረሰ። አዳነ ሲደውልላት ድምፁ ሌላ ሆኖ ነበር፤ "በቀኑ ከፈልን! አለቆች ማን አደረገው ሲሉ ስምሽን ጠራሁ" አላት። ከዚያ ወዲህ ባንኩ የሌሎች ከተሞች ሥራ አስኪያጆችን እንድታሠለጥን ይጠራታል። ደርሳ ትመለሳለች እንጂ ቡታጅራን አልለቀቀችም።

ማሽኑ ሥራ የጀመረ ቀን ከመስቃንም ከማረቆም ሰው መጣ። ወይዘሮ ከድጄ ከሁሉ ቀድመው ጭነታቸውን አድርሰው፣ ከአብዱልሃፊዝ ጋር በማድረቂያው ዋጋ ይከራከሩ ነበር። አቶ ተካ ከሕመማቸው ተሽሏቸው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። አጠገባቸው የቆመ ሰው ወደ ዓለምዘውድ እያመለከተ፣ "ይቺ ልጅ የማን ናት? ማሽኑ በሷ ነው የመጣው ይላሉ" አላቸው።

አቶ ተካ ቀና ብለው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ "የእኔ ናት" አሉ።