የካርታው ቁልፍ

ዳኘው ሜትር አልነበረውም፤ የሚለካው በርምጃው ነበር። በትምህርት ቤታችን ሜዳ መቶ ሜትር በገመድ አስለክቶ መቶ ሠላሳ ስምንት ርምጃ መሆኑን ካወቀ በኋላ የረገጠውን ሁሉ ይቆጥር ጀመር። ገበያ አብረን ስንሄድ አያናግረኝም። እናቱ እትዬ እናትዓለም፣ ልጄ መንገድ ሲሄድ ዳዊት የሚደግም ይመስላል እያሉ ይስቁ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል ነበርን። የጂኦግራፊ መምህርታችን እሌኒ ሁለት ሁለት ሆናችሁ የሰፈራችሁን ካርታ ሥሩ አሉን። ዳኘው ከሹም አቦ ሰፈር እስከ ጣና ዳር ያለውን ለክቶ ሣለ። ለእኔ የደረሰኝ የትኛው ምልክት ምን እንደሆነ የሚያስረዳውን ወረቀት መጻፍ ነው። መጽሐፋችን እንግሊዝኛ ስለነበር ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ አዙረን “ቁልፍ” እንለው ነበር፤ ሌላ ስም ይኑረው አይኑረው አናውቅም። ሰማያዊ እርሳሳችን ሐይቁን ስንቀባ ስላለቀ ዳኘው የውሃ ቦኖዎቹን በቀይ ሦስት ማዕዘን አመለከተ። የእኔ ወረቀት ስለዘገየ ካርታው ጥግ ላይ “ቁልፉ አለበል ጋ ነው፣ ሐሙስ ይመጣል” ሊጽፍ ነበር፤ ቦታ ጠበበውና “ቁልፉ ሐሙስ ይመጣል” ብሎ ተወው። ስሜ ያልተጻፈው በዚህ ብቻ ነው።

ያን ሰሞን ጧት ጧት መንገድ ዳር ሬሳ እናይ ነበር። ደረታቸው ላይ ወረቀት ይለጠፋል። አንድ ቀን የተጋደመው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ አንድ ዓይኑ አልተከደነም። ዳኘው አልቆመም። ጥቂት እንደሄድን ግን ቁጥሩ ጠፋበትና ከመጀመሪያው ሊቆጥር ወደ ኋላ ተመለሰ። በሬሳው አጠገብ ሁለተኛ አለፍን።

አሰሳው ረቡዕ ረፋድ ላይ መጣ። አብዮት ጠባቂዎቹ የእነ ዳኘውን በር በርግደው ሲገቡ ካርታው ግድግዳ ላይ ነበር። ግቢያችን የሚለየው በቆርቆሮ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ። ቀዮቹን ቆጠሯቸው፤ አሥራ አንድ ሆኑ። አንዱ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ተጠግቶ ነበር።

ዳኘው ቦኖ ነው አላቸው።

“ውሃ ቀይ ሆኖ የት አየህ?” አለው አንዱ፣ ከዚያም በሰደፍ አፉን መታው። ጽሑፉን ሲያነቡት ነገሩ ባሰ። የየትኛው መጋዘን ቁልፍ ነው ይላሉ።

“የካርታው ነው።”

“ካርታ በር አለው?”

እትዬ እናትዓለም መካከል ሊገቡ ሲሉ ገፍትረው ጣሏቸው። ካርታውን ነቅለው ልጁን መሬት ለመሬት ጎትተው ወሰዱት። እኔ ወረቀቴን ምድጃ ውስጥ ከተትሁት።

ሐሙስ ከቤት አልወጣሁም። ዓርብም አልወጣሁም። ቅዳሜ እትዬ እናትዓለም የዳኘውን ጫማ ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ምግብ ሊያደርሱለት ቀበሌ ሄደው ጥበቃው ጫማውን መልሶላቸዋል። ሞቷል ብለው ሊጮሁ ሲሉ፣ አልሞተም፣ ግን ከእንግዲህ ይህ አይገባለትም አላቸው። ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግሩን ገርፈውታል።

“ቁልፉን የያዘውን ስም ጥራ ነው የሚሉት” አሉኝ። “አልጠራም ብሏል። አንተ ታውቀዋለህ፣ አለበል?”

እኔ ነኝ አልኋቸው፤ ማቃጠሌንም ነገርኋቸው። አልረገሙኝም። አንዱን ጫማ አንሥተው ሲያገላብጡት ቆዩ።

“ተቀመጥና ጻፈው” አሉኝ።

ጻፍሁ። ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ቦኖ። ቡናማ ክብ፣ ጉድጓድ። ጥቁር አራት ማዕዘን፣ ወፍጮ ቤት። ክንዴን ይዘው ቀበሌ ድረስ ወሰዱኝ፤ ባይዙኝ ከመንገድ እመለስ ነበር።

ካድሬው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ካርታውን ይዞ በመስኮት ወደ ውጭ አየ፤ ሴቶች እንስራና ጀሪካን ደርድረው ቦኖው ላይ ወረፋ ይጠብቃሉ። ሳቅ አለ። ወዲያው ዞሮ በጥፊ ሲለኝ ግራ ጆሮዬ ጮኸ፤ እስከ ዛሬ ዝም አላለም።

ዳኘውን ሁለት ሰዎች በብብቱ ደግፈው አመጡት። እግሩ የተጠቀለለበት ጨርቅ በደም ርሶ ወለሉን ያረጥባል። ፊቱ ስላበጠ ያየኝ አልመሰለኝም።

“ቦኖ ነው ብለህ ለምን አልተናገርህም?” አለው ካድሬው።

“ተናግሬያለሁ፣ ጓድ። ከዚያ በኋላ የጠየቃችሁኝ ማን እንደያዘው ነው።”

ካድሬው በከስክስ ጫማው የቆሰለውን እግር ረገጠው። ዳኘው የጮኸውን ጩኸት እዚህ መጻፍ አልችልም። ከዚያ ውሰዱት ተባልን። በቃሬዛ ተሸክመን አወጣነው፤ ካርታው እዚያው ቀረ።

ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት አለፈው። ዳኘው ትምህርቱን አልጨረሰም፤ ሹም አቦ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ደብተርና እርሳስ ይሸጣል። ሰማያዊ እርሳስ አያጣም። ማን እንደያዘው ለምን እንዳልተናገረ አንሥተን አናውቅም።

ባለፈው እሑድ ገመድ ያዝልኝ አለኝ። ሐይቁ ዳር ወርደን መቶ ሜትር ለካን። በዱላው እየተደገፈ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። እኔ ገመዱን ይዤ ጠበቅሁት።

“ሁለት መቶ ሰባ አንድ” አለና ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ረቡዕ ዕለት ወረቀቴን ይዤ ቀበሌ ብሄድ ኖሮ ስንት ይሆን እንደነበር አልጠየቅሁትም።