ሲጮህ የለቀቅኩት ሞተር

አዛይባ፣ መስከት ከተማ፣ ሊነጋጋ ሲል

አርብ ነው። የባሕሩ ዳር መብራቶች ገና አልጠፉም። ከድር ፒክአፑን ሻይ ቤቱ በር ላይ አቁሞ ሁለት ብስክሌቶች በገመድ ያስራል። የከሚሴ ልጅ ነው፤ ለቱሪስት ብስክሌት የሚያከራይ ኦማናዊ ጋ ሹፌር ሆኖ ይሠራል። አሠሪውን ለዛሬ ጠዋት ያስፈቀደው ለሰዓዳ ብሎ ነው።

ሰዓዳ ጓደኛዬ ናት። ዛሬ ማታ ጠቅልላ አገሯ ትገባለች። እዚህ የኖረችው ሆቴል ምድር ቤት፣ ከአንሶላ ክምርና ከማጠቢያ ማሽን ጋር ነው። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ፈለገች፦ ቦሻር ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ካለው ኮረብታ ጫፍ ሆና መስከትን ከነባሕሯ በአንድ ጊዜ ማየት።

በቁማችን በወተት የፈላ ካራክ ሻይ ጠጣን፤ እንቁላል የተጠቀለለበት ፓራታ ቂጣ በላን። ከድር የእኔን ብስክሌት በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አሳየኝ። ኤሌክትሪክ መሆኑ ካልተነገረ አይታወቅም፤ ከፔዳሉ መሐል የተደበቀው ሞተር የጭብጥ ያህል ነው።

“ስሚኝ፣ መምህርት” አለኝ። መጽሐፍ ከእጄ ስለማይለይ ያወጣልኝ ስም ነው። “ይሄ ቀላሉ ዓይነት ነው፤ እንደ ሞተር ሳይክል ገፍትሮ አይወስድሽም። እግርሽ ሲፈጥን ነው ጉልበት የሚጨምረው። ሲጮህ እየሠራ ነው፣ አትፍሪው።”

ገባኝ አልኩት።

ቦሻር፣ ፀሐይ ስትወጣ

ነጫጭ ቪላዎች፣ ከአጥር የተንጠለጠለ ቀይ አበባ፣ መኪና የሚያጥብ ዘበኛ። አስፋልቱ ያለቀበት ላይ ከድር አወረደን። ፀሐይዋ ከፍ ካለች አቧራው ተነሥቶ ባሕሩን እንደሚሸፍነው ነግሮን፣ “ያላ፣ ቶሎ በሉ” ብሎ መኪናው ውስጥ ጋደም አለ።

መንገዱ ቡናማ ድንጋይ፣ ልቅ ጠጠር፣ የፍየል በጠጥ ነው። ሜዳው ላይ ሞተሩ ከሌላ ክፍል እንደሚሰማ ማራገቢያ ነበር፤ ወደድኩት። ዳገቱ ሲጀምር ማርሹን አቀለልኩ፣ እግሬ ፈጠነ፣ ድምፁም አብሮ ወጣ። ቀጭን፣ የሚያፏጭ፣ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ። እግሬ በራሱ ቆመ። እግሬ ሲቆም ጉልበቱም ጠፋ፤ ብስክሌቱ ተንገዳግዶ ጠጠሩ ላይ ጣለኝ።

ተነሥቼ ሞከርኩ። ሲጮህ እንደገና ለቀቅኩት።

የምሠራበት ቤት ልብስ ማጠቢያው ሲያጉረመርም፣ ምንጣፍ መጥረጊያው ሲያፏጭ፣ ማዳም ከፎቅ ሆና “ኸርባን” ትላለች፤ ተበላሸ ማለቷ ነው። እዚያ ቤት ማሽን የሚበላሸው በያዘው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ማሽን ሲጮህ አጠፋለሁ። ከድር የነገረኝን ጆሮዬ ሰምቶታል፤ እግሬ ግን የሚሰማው ማዳምን ነበር።

ሰዓዳ በየመታጠፊያው ቆማ ትጠብቀኛለች። ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

“ጮኸ” አልኳት።

“ልጅ ነው እንዴ? ይጩኽ።”

ቀድማኝ እንድትወጣ ለመንኳት። ብቻዬን አይቼ ከማን ጋር ላወራው ነው ብላ እምቢ አለች። ብስክሌቴን እየገፋሁ፣ እሷም ለእኔ ብላ ወርዳ እየገፋች ሄድን። በእኛና በፀሐይዋ መካከል ውድድር እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አላነሣነውም።

በመጨረሻ ሰዓዳ ቆመች። “እሺ፣ ከተበላሸ በእኔ አሳብቢ” አለችኝ። “ማታ እኔ የለሁም። ማን ያገኘኛል?”

ወጣሁበት። ጮኸ፤ አልለቀቅኩትም። ጉልበቱ ድንገት አልመጣም፤ ከእግሬ ጋር እያደገ፣ ከሥሬ ሌላ ሰው አብሮኝ የሚረግጥ ያህል ወደ ላይ አወጣኝ። ስንት መታጠፊያ በእግሬ እንደገፋሁት እያሰብኩ ረገጥኩ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ጫፉ ላይ፣ ረፋድ

ከእግራችን ሥር የቪላዎቹ ጣሪያ፣ የውኃ ታንከሮች፣ ከዚያ አውራ ጎዳናው። ከዚያ በኋላ ነጭ አቧራ ብቻ። ሰማዩና ምድሩ የሚለያዩበት መስመር እንኳ የለም።

“ባሕሩ በየት በኩል ነው?”

በጣቴ አሳየኋት። ጣቴን ተከትላ፣ ዓይኗን አጥብባ ብዙ ቆየች።

“አለ በይኛ” አለች።

“አለ።”

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ስልኳን አውጥታ ነጩን ፎቶ አነሣችው።

“ኻላስ፣ በቃ፣ ለእናቴ ባሕሩ ይሄ ነው እላታለሁ” አለች። “እሷ እንደሆነች አይታው አታውቅም።”