የሐኪሙን እልልታ የወሰድንባቸው ቀን

ደሙን ያየሁት ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ከቤት ልወጣ ስል ነው። መውለጃዋ የተቃረበው ልጄ ሐና ነጠላዬን ልታስተካክልልኝ ከበርጩማው ስትነሣ፣ የተቀመጠችበት ቦታ ቀይ ሆኖ አየሁት። እሷ አላየችውም። «እማ፣ ዛሬማ ሙሽራ መስለሻል» እያለች ትስቃለች። ምጥ የለም፣ ቁርጠት የለም፣ ምንም የሚያማት ነገር የለም። ደም ብቻ። እኔ አምስት ልጅ ወልጃለሁ፤ ሳያምም የሚፈስ ደም ግን አይቼ አላውቅም። 

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ቡና በሚደርስበት ወራት፣ እኛ በምንኖርበት በመቻራ ነው። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው አንዴ እፈራለሁ፣ አንዴ እስቃለሁ። አሁን አሁን ሳቁ ስለበለጠ ነው ልጽፈው የተነሣሁት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደል ብስት እናንተ አቃኑልኝ።

ነጭ የለበስኩት በምክንያት ነው። ቡና የምለቅምበት መጋዘን እንግዳ ይመጣል ተብሎ፣ ሴቶቹ በሙሉ ነጭ ለብሰን እንድንቀበል ተነግሮን ነበር። እንግዳው ዛሬ የአገር መሪ ከሚባሉት አንዱ ናቸው። በቴሌቪዥን ስማቸው ከነማዕረጉ ነው የሚጠራው። እኛ ግን እስከ ዛሬ «ሐኪሙ» ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው እኛ ዘንድ ተመድበው በሞተር ብስክሌት ገጠር ለገጠር እየዞሩ አክመዋል። ሲመጡ ኦሮምኛ አያውቁም ነበር አሉ፤ ሲሄዱ ግን ከባለቤቱ በላይ ይቀልዱበት ነበር። በኋላ ሕዝቡ መረጣቸው፣ አዲስ አበባ ገቡ፣ እዚያው ከፍ ከፍ አሉ። ብዙ ሰው ኮራባቸው። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ቅር ብሎኝ ነው የኖርኩት። ስብሰባ የሚቀመጥ ሰው መቼ ጠፍቶ ነው ሐኪም የሚሄደው?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሐናን ደግፌ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። አዋላጇ ሰላም ትባላለች፤ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ነገሩን ስትሰማ ሳቋ ጠፋ። ቶሎ ግሉኮስ ሰቀለችላትና እኔን ወደ ውጭ ወሰደችኝ።

«እማማ፣ የእንግዴ ልጁ ከሕፃኑ በታች ነው የተቀመጠው፤ መውጫውን ዘግቶታል። እዚህ ልትወልድ አትችልም። ጭሮ ሄዳ በቀዶ ጥገና መውለድ አለባት። ደምም ያስፈልጋታል።»

«ሳትደርስስ ብትቀር?»

ስልኳን አውጥታ መደወል ጀመረች። 

አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ገጠር ወርዷል። የሕዝብ መኪናው እንግዳው እስኪያልፉ ድረስ ቆሟል። የሐና ባል አዳማ ነው፣ ሥራ ላይ። ሰላም ስልክ ስትደውል፣ ስትደውል፣ እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ጎማ ያለው ነገር ላክልኝ» ብዬ ጸለይኩ።

ጌታም ላከልኝ። የጫት መኪና ላከልኝ።

እኛ አገር የጫት መኪና ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ከቆየ ይጠወልጋል፤ ከጠወለገ የሚገዛው የለም። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሲቆም የጫት መኪና አይቆምም። ጥሩምባው ሲሰማ ሰውም ፍየልም ከመንገድ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ጌታን የተቀበልኩ ሴት ነኝ። ፓስተራችን ስለ ጫት ጉዳት ሲያስተምሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ «አሜን» የምለው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ሁለት እጄን ዘርግቼ መኪናው ፊት ቆምኩ።

ሾፌሩ ጀማል የሰፈራችን ልጅ ነው። አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ሀደ ኮ፣ ደግሞ አንቺ ጫት ልትገዢ ነው?» አለኝ። «ሀደ ኮ» ያለው «እናቴ» ማለቱ ነው። ፊቴን ሲያይ ቀልዱን ተወ። ወርዶ ከኋላ ወንበር የነበሩትን ሁለት ሰዎች አስወረደ። ሐና እዚያ ተጋደመች፣ ሰላም ግሉኮሱን በእጇ ከፍ አድርጋ ከጎኗ ተንበረከከች፣ እኔ ነጭ በነጭ እንደሆንኩ ጋቢና ገባሁ። ከኋላ የተጫነው ጫት ፀሐይ እንዳያገኘው እስከ ላይ ለምለም ቅጠል ተከምሮበታል።

«ጀማል ልጄ፣ ቀስ በል፤ እንዳትንገላታ» አልኩት።

«ቀስ ማለት አልተማርኩም። ጉድጓዱን ግን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፣ አንዱም አይነካትም ኢንሻአላህ።»

እውነቱን ነው። እየበረረ፣ እየተጠማዘዘ፣ አንድም ጉድጓድ ውስጥ አልገባም።

ከከተማው መውጫ ፖሊሶች ገመድ ዘርግተዋል። አንዱ «ዝግ ነው፣ እንግዳው እስኪያልፉ» ብሎ ቀረበና ወደ ውስጥ አየ። ሐናን አየ፣ ግሉኮሱን አየ። ወዲያው ገመዱን ጣለው። ከዚያ በኋላ መንገዱ በሙሉ የኛ ብቻ ሆነ። ገለምሶን አለፍን፣ በደሳን አለፍን። በየመንገዱ ዳር ቅጠል የያዘ ሰው እንግዳውን ይጠብቃል። እኔ በየመሐሉ ወደ ኋላ እዞራለሁ። የሐና ከንፈር እየነጣ ሄዷል። ሰላም ሳታቋርጥ ታስወራታለች፤ «ወንድ ከሆነ ማን ትይዋለሽ? ሴትስ ከሆነች?» ትላታለች። ሐና መጀመሪያ ትመልስ ነበር። አርበረከቴ ስንደርስ መልሷ አጠረ፤ ጭሮ ስንቃረብ ጭራሽ ተወችው።

ጭሮ መግቢያ ላይ፣ እንግዳውም በዚያው በኩል ይገባሉ ተብሎ፣ ሕዝቡ እንደ ጉድ ወጥቷል። ተማሪው፣ ከበሮው፣ አበባ የያዙ ልጆች። አቀባበሉን የሚያስተባብረው አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ነበር። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ ከመጣ ገና ወሩ ነው፤ ይህን በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። በእንግዳ አቀባበል ከፊት የምትመራው መኪና በለምለም ቅጠል ታጌጣለች፤ እሱም ቅጠል የለበሰ መኪና እንዲጠብቅ ተነግሮታል። እንግዲህ አስቡት፦ በተዘጋ መንገድ ላይ፣ መብራቱን አብርቶ፣ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እስከ አናቱ ቅጠል የለበሰ መኪና ይመጣል። ጋቢናው ውስጥ ነጭ የለበሰች እመቤት ተቀምጣለች። ልጁ የያዘውን የምልክት ባንዲራ ከፍ አደረገ።

ከበሮው ተመታ። እልልታው ቀለጠ። የጭሮ ሰው የጫት መኪና ጠፍቶት አይደለም፤ ግን የተነሣ እልልታ ማን ይመልሰዋል? አንዷ ሴትዮ እልል እያለች በሳቅ ስትፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ። አበባው መስታወቱ ላይ ወረደ።

«ጀማል፣ ምን ጉድ ነው?» አልኩ።

«ሀደ ኮ፣ እጅሽን አውለብልቢላቸው፣ መንገዱን ይልቀቁልን።»

እንባዬ እየወረደ አውለበለብኩ። አንድ ትልቅ ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰገዱልኝ። ፖሊሱ ሰላምታ ሰጠኝ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ከኋላዬ ዝም ብላለች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሐኪሞቹ ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። እንግዳው እዚያ አዲስ ክፍል ሊመርቁ ነበር። መኪናችን በመሐላቸው ገብቶ ቆመ፤ አጨበጨቡልን። ሰላም በሩን በርግዳ «ነፍሰ ጡር ናት፣ እየደማች ነው» ስትል ጭብጨባው ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓይኔ አልያዘውም። ስንት እጅ እንዳነሣት እንጃ። የማዋለጃው ሐኪም አበባውን ለዘበኛው ሰጥቶ ሲሮጥ ትዝ ይለኛል።

ጀማል ውኃ ገዝቶ አመጣልኝ። «ቅጠሉ እየጠወለገ ነው፣ ልሂድ። ስመለስ በደስታ ላግኝሽ» ብሎኝ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ እውነተኛው አጀብ ደረሰ። እንግዳው ሲወርዱ ረድፉ ፈርሷል፤ መሬት የወደቀ አበባ ብቻ ነው ያለው። ባለ ባጁ ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ነገሩን ሊያስረዳ ይንተባተባል። እሳቸው አልተቆጡም። በቀጥታ እኔ ወዳለሁበት አግዳሚ ወንበር መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ማል ታቴ?» አሉኝ። ምን ሆነች ማለታቸው ነው።

ከመቻራ እንደመጣን፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ጫቱ መኪና ነገርኳቸው። «የእርስዎንም እልልታ ወሰድንብዎ» አልኩ።

«ደግ አደረጋችሁ። መቻራ የት ሰፈር?»

«ከቡናው መጋዘን ጀርባ።»

«እዚያ ሰፈር ውሻ ከሞተሬ ላይ ጥሎኛል» አሉ፤ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠባሳውን አሳዩኝ።

ፍርሃት ሰውን ደፋር ያደርጋል መሰለኝ፣ አፌ አመለጠኝ። «ሕክምናውን ለምን ተዉት? እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ልጄን እርስዎ ባከሙልኝ» አልኳቸው። አጃቢዎቹ መሬት መሬት አዩ።

ሐኪሙ ሱሪያቸውን ወደ ታች መለሱ። «ያኔ እንደ ልጅሽ የምትደማ እናት መጣችብኝ» አሉ። «እጄ ያውቃል፣ መሣሪያ አለ፣ ደም የለም። ደም የሚቀመጥበት ፍሪጅ እንኳ በአካባቢው አልነበረም። ሞተች። ፍሪጅ ስጡን ብዬ ብዙ ደጅ ጠናሁ። በኋላ ፍሪጅ የሚፈቅደው ሰው ራሴ ልሁን ብዬ ሄድኩ። ፍሪጁ መጣ፤ እኔ ግን ስብሰባው ይዞ አስቀረኝ።» ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛሬ ቢላ ብይዝ ልጅሽን እጎዳታለሁ። ውስጥ ያሉት ልጆች ከኔ ይሻላሉ» አሉኝ።

በዚህ መሐል የላቦራቶሪዋ ልጅ ወጣች። «የነበረውን ደም ሰጥተናታል፤ አልበቃም። ዓይነቱ ኦ የሆነ ደም እንፈልጋለን» አለች። የኔን አስቀድማ መርምራ፣ «እርስዎ ራስዎ ደም ያንስዎታል» ብላ መልሳኛለች። ሐኪሙ ኮታቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ኦ ነኝ፣ ውሰጂ።»

ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ስልሳ ሰባት።»

«ከስልሳ አምስት በላይ አንወስድም።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«መመሪያው። እናንተ ያወጣችሁት ይመስለኛል።»

አንዱ አጃቢ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሐኪሙ እጅጌያቸውን መልሰው ቆለፉና «ልክ ናት» አሉ። ከዚያ ወደ በሩ ወጡ። እልል ያለው ሕዝብ እግር በእግር ተከትሎ ግቢውን ሞልቶታል። ማይክራፎን ቢሰጧቸው አልተቀበሉም። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ «ዛሬ ንግግር የለኝም። በመምጣቴ ደስታችሁን ልታሳዩኝ የመጣችሁ ክንዳችሁን አሳዩኝ። ኦ የሆነ ይቅደም» አሉ። ወደ አጃቢዎቻቸውም ዞረው «እናንተስ? እኔን ስትጠብቁ መዋላችሁ አይቀርም» አሏቸው።

ሰልፉ ረዘመ። ጥቁር መነጽር ያደረጉት ጠባቂዎች፣ ከበሮ መቺው፣ ባርኔጣቸውን ያወለቁልኝ ትልቅ ሰው ሳይቀሩ ቆሙ። እሳቸውንም ልጅቷ በዕድሜ መለሰቻቸው፤ ከሐኪሙ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። ከሁሉ ፊት ኦ ሆኖ የተገኘው ያ ባለ ባጁ ልጅ ነው። መርፌውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ተኝቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደሙ እየወረደ ሳለ አጠገቡ ቆምኩ።

«እማማ፣ መኪናውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አውቃለሁ ልጄ፤ እጄን አውለብልቤልህ የለ?»

ሳቀና ወዲያው ራሱን ሳተ። ለስላሳና ብስኩት ሲሰጡት ነቃ።

ሐኪሙ ምረቃውን በአጭሩ ጨርሰው ተመልሰው መጥተው ነበር። የቀዶ ጥገናው በር ሲከፈት አብረውኝ ተነሡ። የወጣው ሐኪም ጭንብሉን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ፣ አስቀድሞ ወደ ትልቁ እንግዳ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ። «እናትየው ደህና ናት። ወንድ ልጅ ነው፣ ይጮኻል» አለኝ። ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለወጣቱ ሐኪም እጃቸውን ሰጡት፣ ለረጅም ጊዜም አልለቀቁትም። ሲሄዱ ማንም እልል አላላቸውም። ግማሹ ሕዝብ ክንዱ ላይ ጥጥ ይዞ ተቀምጧል።

ቅሬታዬ ያን ቀን ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው፤ ግማሹ ብቻ ለቀቀኝ። አሁንም እሳቸውን በቴሌቪዥን ሳያቸው «ምነው እኛ ዘንድ በቀሩ» እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ስለ ፍሪጁ አስባለሁ። የጫት መኪና ሲያልፍም እንደ ድሮው ፊቴን አላዞርም፤ ለሾፌሩ እጸልያለሁ። ፓስተራችን ያውቃሉ፣ ስቀውብኛል።

ሐና የነቃችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ከንፈሯ ቀለሙ ተመልሷል። ልጁን ደረቷ ላይ አደረግሁላት፣ እኔም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «እማ፣ ደረስን?» አለችኝ።

«ደርሰናል ልጄ» አልኳት። «ሁላችንም ተርፈናል።»