ያልተጠየቀው ሾፌር

አክስቴ የሰው ነገር ካላወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። እንዲህ ያለችውን ሴት ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ መዝገብ ቤት ማን እንደቀጠራት እንጃ። ባልደረቦቿ «መርማሪ» ይሏታል። ደንቡ ግን ልጓም አበጅቶላታል፤ ማመልከቻ ተቀብላ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ ማኅተም ትመታለች እንጂ ባለጉዳዩን ስለ ጉዳዩ መጠየቅ አይፈቀድላትም። ሃያ ሁለት ዓመት ምላሷን ነክሳ ኖራለች።

አንድ ቀን ከሥራ የተባረረ የአውቶቡስ ሾፌር መስኮቷ ጋ መጣ። የስንብት ደብዳቤው «አውቶቡሱን መንገድ መሀል ትቶ በመሄዱ» ይላል። ለምን ትቶት እንደሄደ አይናገርም። ሰውየው ያስጻፈው ማመልከቻም አንቀጽ በአንቀጽ ሆኖ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አይልም።

«ለመሆኑ...» ብላ ጀመረችና ዋጠችው። «ስልክ ቁጥርዎን እዚህ ላይ ይጻፉልኝ።»

ማታ ማታ ቤት ስትገባ መከራዬን ያየሁት እኔ ነኝ። «ጠጥቶ ይሆን? ወይስ ከተሳፋሪ ተጣልቶ?» ትለኛለች።

«አንቺን ምን አገባሽ?»

«ዝም በል። ሰው አውቶቡስ የሚያህል ነገር ዝም ብሎ ጥሎ ይሄዳል?»

ጉባኤው ሦስት ዳኞች አሉት። አሠሪው የወሰነበትን መዝገብ አስመጥተው ይመረምራሉ እንጂ ነገሩን እንደ አዲስ አይሰሙም። ውሳኔውን ሊያጸኑት፣ ሊያሻሽሉት፣ ሊሽሩት ወይም ጉዳዩን ወደመጣበት ሊመልሱት ይችላሉ። ከሦስት ወር በኋላ አክስቴ ውሳኔውን ለሾፌሩ ሰጠችው።

«ሥራዬ ተመለሰልኝ?»

«ገና ነው። እርስዎን ሳይጠይቁ ስላባረሩዎት ውሳኔያቸው ተሽሯል። አሁን ቃልዎን ሰምተው እንደገና ይወስኑ ተብሏል።»

«እዚያው አለቃዬ ዘንድ?» ፊቱ ጠቆረ። «አራት ልጆች አሉኝ እኮ፣ እትዬ።»

መዝገቡ ተዘግቷል። አክስቴ ከዚህ በላይ ምላሷን መያዝ አልቻለችም።

«ለምን ነበር ጥለውት የሄዱት?»

«ፍሬኑ አልይዝ አለኝ። ሰዉን አውርጄ መካኒክ ፍለጋ ሄድኩ።»

«ታዲያ ይሄን ለምን አላስጻፉትም?»

«ለማመልከቻ ጸሐፊው ነግሬው ነበር። ገጽ ያበዛል አለኝ።»

አክስቴ ማኅተሟን በንዴት ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ሲጠይቁዎት ይሄንኑ ይንገሯቸው። አንዲት ቃል እንዳይቀንሱ።» ወዲያው ሌላ ነገር መጣባት። «አውቶቡሱስ ተሠራ?»

«እንጃ። በማግስቱ ግን ሌላ ሾፌር ሲነዳው አይቻለሁ።»

«በየት በኩል ነው የሚሠራው?»

«ይሄ በበራችሁ የሚያልፈው ነው።»

ያን ዕለት አክስቴ ቤቷ የገባችው በእግሯ ነው።