ሽማግሌዎቹ ስለ ሕመሜ ምን ይበሉ

ሽማግሌ ልልክ ባሰብኩበት ሳምንት ቀጨኔ ወዳለችው የስፌት መኪና መጠገኛ ሱቄ ጋሼ መጡ። ጋሼ የምላቸው የአባቴን የልጅነት ጓደኛ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከበድ ያለ ነገር ሲገጥመን እማዬ የምታማክረው እሳቸውን ነው፤ ላገባት የፈለግኳትን ልጅ ከአባቷ የሚጠይቁልኝም እሳቸው ነበሩ። ስፌት መኪና ፈትቼ ዘይት እየቀባሁ ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተጣሉ መኪናዎችን እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት።

ጋሼ በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ የልጅቷ አባት ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ ስለ ጤናዬ መጠየቃቸው እንደማይቀር ነገሩኝ። ሆስፒታል ገብቼ መውጣቴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምን ብለው እንደሚመልሱ መወሰን ነበረብን።

«ጨጓራ ነው ብልስ?» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጨጓራ የለብኝም።»

«ጉለሌ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው አለ እንዴ? ብዙም ውሸት አይሆንም።»

ሳቅኩ። ውሸቱን ግን አልፈለግኩትም። ችግሩ እውነቱንም በአንድ ቃል ልሰጣቸው አለመቻሌ ነው።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ድብርት ነው ብሎ መድኃኒት ጻፈልኝ። ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ስለነበር አመንኩት። መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ፤ ንግግሬ ፈጠነ፤ የደንበኞቼን መኪናዎች በአንድ ጊዜ ፈታትቼ የአንዱን ብሎን ከሌላው ቀላቀልኩ። ሁለተኛው ሐኪም ይህን ሲሰማ ባይፖላር ነው አለኝ፤ ስሜት አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል የሚሄድበት ሕመም። መድኃኒቱ ተቀየረ። ፍጥነቱ በረደልኝ፤ እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ስለ ሁለቱም ሕመሞች ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አንዳንዱ ቀን ሁለቱም እኔን ይመስላሉ፤ አንዳንዱ ቀን አንዳቸውም አይመስሉኝም።

ሦስተኛዋ ሐኪም ብዙ ጠየቀችኝ፤ በልጅነቴ እንቅልፌ እንዴት እንደነበረ፣ አባቴ ስለሞተበት ክረምት፣ መድኃኒቶቹን መቼ ጀምሬ መቼ እንዳቆምኩ። መጨረሻ ላይ፣ «የትኛው እንደሆነ ገና እርግጠኛ አይደለሁም» አለች። «ያ ፍጥነት የፊተኛው መድኃኒት ያመጣብህም ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ብቻ እየቀየርን፣ ጊዜ ሰጥተን እንየው።»

ሌላ ሰው ይከፋው ይሆናል። እኔን ቀለል አለኝ። ክር የሚበጥስ መኪና ሲመጣልኝ መርፌውንም የክር ማጥበቂያውንም በአንዴ ከነካሁ፣ ብልሽቱ የቱ ጋ እንደነበር አላውቅም። ሐኪሟ የምትሠራው እኔ በማውቀው መንገድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቱ መጠን ቀንሷል፤ እጄም ጸንቷል፤ የሕመሙ ስም ግን እስከ ዛሬ አልተቆረጠም። እማዬ በበኩሏ ያሻለኝ የእንጦጦው ጠበል መሆኑን አትጠራጠርም፤ መድኃኒቴን ሳልውጥ ግን ከቤት አታስወጣኝም።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። ልጅቷም ገና ከመጀመሪያው እንደምታውቅ ጨመርኩ። ጋሼም፣ «ስንት ቤት ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ፤ ‹እርግጡን አላውቅም› ብዬ የመለስኩበት ቤት የለም» አሉ። ለእኔ ሲሉ እንደዚያ ብለው እንደሚመልሱ ግን አልጠራጠርኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሄዱ። ወጉ ስለማይፈቅድ እኔ ቤት ቀረሁ። እማዬ የተጠረገውን ቤት መልሳ ትጠርጋለች። ሲመለሱ የሆነውን አወሩን። አባትየው እንደተፈራው ጠይቀዋል። ጋሼም ሐኪሞቹ በስሙ እንዳልተስማሙ፣ መድኃኒቴን እንደማላቋርጥ፣ ሲከፋኝም እንደማልደብቅ ተናገሩ። አብረዋቸው ከሄዱት አንዱ ደንግጠው ዝም እንዲሉ እግራቸውን ረግጠዋቸዋል፤ ጋሼ እስከ ማታ የእግር ጣታቸውን ሲያሹ ዋሉ። አባትየው እሺም እምቢም አላሉም። ልጁ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ጋሼ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም።

በቀጠሮው ቀን ሄድኩ። ቤታቸው ከጉለሌ እጽዋት ማዕከል ዝቅ ብሎ ነው። አባትየው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። የሕመሙን ስም አልጠየቁኝም። እኔ ደግሞ መንገድ ሙሉ ያጠናሁት ንግግር በሙሉ ስለ ስሙ ነበር።

«ሲብስብህ መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው?» አሉኝ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ለእኔ ደህና የሆንኩ ነው የሚመስለኝ። እማዬ ከእንቅልፌ ታውቃለች። ጋሼ ካነጋገሬ ያውቃሉ። ልጅዎ ደግሞ ከምልክላት መልእክት ታውቃለች፤ አራት ነጥብ መተው ስጀምር።»

ፈገግ አሉ። «ካወቁስ በኋላ?»

ወደ ሐኪሟ ይዘውኝ እንደሚሄዱ፣ እንዳልከራከራቸውም ደህና በሆንኩበት ጊዜ ቃል እንደገባሁላቸው ነገርኳቸው። እነዚህን ሰዎች እስከዚያ ቀን አንድ ላይ ጠርቻቸው አላውቅም ነበር። እኔ የሕመሜን ስም ለማወቅ ስደክም፣ እነሱ ስሙን ሳይጠብቁ እኔን ሲጠብቁኝ ኖረዋል። እዚያ በረንዳ ላይ ቆሜ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ እስክረሳ ድረስ፣ ምን ያህል የታደልኩ እንደሆንኩ አሰብኩ።

አባትየው ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። «እንግዲህ ሲብስብህ እኔም ከሰው አልሰማም» ብለው ቁጥራቸውን ነገሩኝ። እንድደውልም አዘዙኝ። ደወልኩ፤ እጃቸው ላይ ጮኸ። ከዚያ ልጃቸውን ከውስጥ ጠርተው፣ ቁጥሬን እንድትመዘግብላቸውና ለእኔ ወንበር እንድታመጣልኝ ነገሯት።