ባባሲር ያሉት ስንጥቅ

ባልባላ በሚባለው ሠፈር ውስጥ በመቀመጫ በኩል ለሚመጣ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ባባሲር። ያበጠውም፣ የደማውም፣ ያሳከከውም፣ የተሰነጠቀውም ባባሲር ይባላል። አምባሮ ዋይስን ያጎደላት ይሄ ስም ነው። እሷ ግን ስሙን አትረግምም። የምትረግመው ሰው አላት።

አምባሮ ጫት ሻጭ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የጫቱ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲደርስ ጥሩ ቦታ የያዘች ትሸጣለች፤ ለሽንት የተነሣች ደንበኛዋን ጎረቤቷ ትወስድባታለች። ስለዚህ አምባሮ በዚያ ቆዳ በሚልጥ ሙቀት ውኃ አትጠጣም ነበር። ምሳዋ ነጭ ዳቦ፣ እራቷ ነጭ ሩዝ። ሳይሸጥ የቀረውን ጫት ደግሞ ራሷ ትቅመዋለች። ሆዷ ሲመጣባት “ቤቴ ስገባ” ብላ ትይዘዋለች፤ ቤቷ ስትገባ እሱ እንቢ ይላል። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን።

አንድ ጠዋት እንደ ድንጋይ የደረቀው ሲወጣ የተሰበረ ጠርሙስ የወጣ መሰላት። ደማቅ ቀይ ደም አየች። ከዚያ ወዲያ መጸዳጃ ቤት መግባት ፈራች። ስትፈራ ትይዘዋለች፣ ስትይዘው ይደርቃል፣ ሲደርቅ የተሰነጠቀውን እንደገና ይቀደዋል።

ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት የባህል ሐኪሙ የሮብሌ ሰማያዊ በር ነበር። ግድግዳው ላይ በትልቁ “ባባሲርን ከነሥሩ” ተብሎ ተጽፏል። ሮብሌ ምላጭና ጥቁር ዱቄት እንጂ ሌላ ዕቃ አልነበረውም። አምባሮ ሲብስባት ገባች። አንድ ሲጋራ በሚጨስበት ጊዜ አያትና፣

“ባባሲር ነው አባዮ፣ እህቴ፤ ሥሩን አቃጥልልሻለሁ” አላት።

ቆረጠ፣ አቃጠለ። በመጨረሻ በብልቃጥ የተነከረ ነገር አሳይቶ “ይኸውልሽ ሥሩ” አላት። ከወር በኋላ ያንኑ ብልቃጥ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ሲያሳይ በዐይኗ አየችው።

ቁስሉ ሲደርቅ ሌላ ጉድ መጣ። አየር መያዝ አቃታት። ሶላት ላይ ቆማ፣ ለሱጁድ በግንባሯ ስትደፋ፣ ሳትፈልግ ያመልጣታል። ውዱዕ ታደርጋለች፣ ለሶላት ትታጠባለች፣ አየሩ ሲያመልጣት ይፈርሳል፤ ደግማ ታደርጋለች፣ ይፈርሳል። በረመዳን በሴቶቹ ሰልፍ አጠገቧ የቆመችው ልጅ ወደ ጎን ፈቀቅ ስትል አየቻት። ከዚያ ወዲያ መስጊድ አልሄደችም። ያ ሰልፍ ከባሏ ሞት በኋላ የቀራት ብቸኛ ማኅበር ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ሐኪም መረመረቻት።

“ምንሽን ነው ያቃጠለው? ይሄ ኪንታሮት እኮ አልነበረም። ትንሽ ስንጥቅ ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ የሚቀባ ቅባት፣ ሆድ የሚያለሰልስ ምግብ፤ አብዛኛው በስድስት፣ በስምንት ሳምንት ይድናል። እንቢ ያለውን ደግሞ እኛ በንጹሕ ቦታ በመጠኑ ቀዶ ሕክምና እናደርግለታለን። እሱ የቆረጠው የመቀመጫሽን በር የሚዘጋውን ጡንቻ ነው።”

“ይመለሳል?”

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀችና፣ “እንደ ድሮው አይሆንም” አለች።

ሮብሌን ሽማግሌ ፊት እንዳትከሰው፣ ጢማሞች በተሰበሰቡበት የምኗን ቁስል ትናገራለች? “ለአላህ ስጪው” ያሏት ነበሩ። “አላህ ብዙ ሥራ አለበት። ይሄን እኔ እይዘዋለሁ” አለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያ በር ሰው አጥቶ እንዲዘጋ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሩን ከፍቶ ወደ ሰማያዊው በር የሚሄድ ሰው ሁሉ በአምባሮ በኩል ያልፋል።

“አንተ ሹፌር! ና እስቲ። ስትጸዳዳ እንደ ምላጭ ይቆርጥሃል?”

“ምን አገባሽ ሴትዮ!”

“ደሙ ቀይ ነው? ከተጸዳዳህ በኋላ ሰዓት ሙሉ ያቃጥልሃል? ሂድ፣ ሐኪም ይይህ። እዚያ ከገባህ ግን እንደኔ ትፏጫለህ።”

ሹፌሩ ሳቀ። “ደግሞ ጫት እየሸጥሽ!”

“በቀኜ የድርቀቱን ምክንያት እሸጣለሁ፣ በግራዬ መድኃኒቱን በነፃ እሰጣለሁ። ከዚህ የተሻለ ሱቅ የት ታገኛለህ?”

ከሦስት ሰው አንዱ ይመለስላታል። ሁለቱ ይገባሉ። በዚህ ሁኔታ ዓመት አለፈ፤ በሩም አልተዘጋም።

አንድ ቀትር ላይ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ የሮብሌ ሚስት ሲራድ አራተኛ ልጇን አዝላ መጣች። ቁጭ በይ ብትላት አልተቀመጠችም።

“አምባሮ አባዮ፣ ከወለድኩ ጀምሮ በየቀኑ ጠርሙስ ነው የምወልደው።”

“ባልሽ ሐኪም አይደል እንዴ?”

“ሐሙስ ሊያቃጥለኝ ነው” አለችና አለቀሰች። “ያንቺን ሰምቻለሁ።”

አምባሮ ጫቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፈነች። እስከ ሐሙስ ዝም ካለች ሮብሌ የገዛ ሚስቱን በገዛ እጁ ያበላሻል፤ ዕድሜውን ሁሉ ከዚያ ፉጨት አጠገብ ይተኛል። ውዱዕ በሌለው ጸሎቷ ይሄንኑ ለምና ታውቃለች። አሁን እጇ ላይ መጥቶ ጣፈጣት። ሕፃኑ እናቱ ትከሻ ላይ አገሣ። አምባሮ ቀና ብላ ሕፃኑን አየችው።

“እነግርሻለሁ። በሹክሹክታ ግን አይደለም። ሐሙስ ወረፋው ሲሞላ ከበሩ ወጥተሽ፣ ጮክ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ።”

“ይፈታኛል!”

“እኔን ከመስገጃዬ ፈትቶኛል።”

“ጨካኝ ነሽ።”

“ነኝ።”

ሐሙስ ሰባት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። በሩ ተከፈተና ሲራድ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

“አምባሮ! ለስንጥቁ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ በቀን ስንቴ ልቀመጥ?”

አምባሮ በገበያ ድምፅዋ መለሰች። “ሦስቴ! ከተጸዳዳሽም በኋላ! ሩብ ሰዓት ያህል! የማንንም ዱቄት አትጨምሪበት!”

“ምን ልብላ?”

“ባቄላ፣ ፓፓያ፣ ያልተነፋ ማሽላ! ልጅ ታጠቢያለሽና ውኃ እጥፍ ጠጪ! ሲመጣብሽ አትያዢው፣ እንቢ ሲልሽ አታምጪ! ቅባቱን ሐኪሟ ታዝዝልሻለች፤ ዛሬውኑ ሂጂ!”

ሮብሌ ምላጩን እንደያዘ ወጣ። “ሲራድ! ግቢ!”

“ሮብሌ” አለ ከወረፋው አንድ ሽማግሌ፣ “ሚስትህ ታማ ነው ከማዶ የምትጠይቀው?”

“የሴት ነገር ነው።”

“ታዲያ የኛ የምን ነገር ነው?”

አንዱ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው ጫማውን አጥልቆ ሄደ። ሁለተኛው ተከተለው። በማግሥቱ የሠፈሩ ሰው ለሮብሌ ስም አወጣለት፤ “ለሚስቱ ያልሆነው”። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ስም ከቆዳ ጋር ነው የሚቀበረው።

ሮብሌ የሲራድን ወንድሞች ፈርቶ አልፈታትም። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሰማያዊው በር በሰንሰለት ታሰረ። በዚያው ሳምንት ሲራድ መጣችና በርጩማው ላይ ዘና ብላ ተቀመጠች።

“ድኛለሁ” አለች። ቆይታም፣ “ሮብሌ ፒኬ ዶዝ ሠፈር ሄዶ ቤት ተከራይቷል። አዲሱን በር አረንጓዴ ቀብቶታል። አሁንስ በቃሽ?”

“ትናንት ለመግሪብ ሶላት ስንቴ ውዱዕ እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ?”

ሲራድ አንገቷን ደፋች።

አምባሮ ጫቱ ላይ ያለውን እርጥብ ጆንያ ገፈፈችና ማጠፍ ጀመረች።

“ቦታሽንስ? አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽን?”

“የፈለገች ትውሰደው። ይልቅ ንገሪኝ፤ ከአረንጓዴው በር ፊት ለፊት ጥላ አለ?”