የእትዬ መርፌ የዝሆን ጆሮ

ልብስ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ትልቅ ትንሹ «እትዬ መርፌ» ነው የሚላት። ቀጭን ናት፤ ቀጥ ያለች፤ ነገሯም ጫፍ አለው። ስሙን ያወጡላት ከእሷ ክፍል በላይ፣ ፎቅ ላይ የሚኖሩት የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። እሷም ዝም አላለች፤ «ጋሼ ቧንቧ» ብላ አወጣችላቸውና ሰፈሩ ተቀበላት። እንዲህ እየተሰያየሙ፣ አንዱ ከላይ አንዷ ከታች፣ በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆነው ኖሩ።

ባሏ ያረፈ ዓመት የስፌት መኪናው ሽፋኑን እንደለበሰ ሰባት ወር ቆመ። ደንበኛ በር ሲያንኳኳ እትዬ መርፌ የለችም፤ አለች፣ ግን የለችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቧንቧ ሳይጠሩ ገቡና በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ጢም ያበቀለ ድንች የመሰለ ነገር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የዝሆን ጆሮ ነው። ቧንቧ የጠገንኩበት መሥሪያ ቤት አትክልተኛው ሊጥለው ሲል ቀማሁት። አፈር ውስጥ ክተቺው።»

«ጋሼ፣ እኔ ራሴም ውሃ መጠጣት እየረሳሁ ነው።»

«እሱን አይቼ ነው ያመጣሁት። ይሄ ሲጠማው አይጮህም፤ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ይፈልጋል። ሰው ማናገር ሲያስጠላሽ ደግሞ ለሱ አውሪለት። ጆሮው ሰፊ ነው፤ አፍ የለውም።»

ከታች በተበሳ አሮጌ ባልዲ ተከለችው። ከወር በላይ ጥቁር አፈር ብቻ ስታይ ሰነበተች። ተስፋ ልትቆርጥ ስትል አንድ ማለዳ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ። እንደ ጨርቅ ጣቃ ተጠቅልሎ ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ተፈታ። ያን ቀን የመኪናው ሽፋን ተገለጠ። ፔዳሉን እየረገጠች በለሆሳስ አንጎራጎረች፦

*ተጠቅልሎ ከርሞ ቅጠሉ ሲፈታ፣*
*ተቋጥሮ የኖረው ሐዘኔም ተረታ።*

ከዚያ ወዲያ ፍቅር ሆነ፤ ፍቅርም ያለ ጥፋት አልሄደም። የመጀመሪያውን ቅጠል የቀትር ፀሐይ እንደ ተረሳ ካውያ አቃጠለባት፤ ከትርፍራፊ ጨርቅ ስስ መጋረጃ ሰፍታ መስኮቱን ጋረደችለት። ሁለተኛውን ራሷ ውሃ አብዝታ አገረጣችው። «ፍቅር በባልዲ አይቀዳም፤ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺና ጠይቂው» አሏት ጋሼ ቧንቧ። ጣቷ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብቶ ደረቅ ሲወጣ ብቻ ማጠጣት ለመደች። አሮጌ ግንድ በመቀስ ስትቆርጥ የነካት ፈሳሽ ክንዷን ሲያሳክካት ዋለና ጓንት ማጥለቅ ተማረች። በሳምንት አንዴ ቅጠሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ወደ ብርሃኑ ብቻ እንዳያጋድል ባልዲውን ሩብ ታዞረዋለች። አዲስ ቅጠል በመጣ ቁጥር አንድ አሮጌ ቢጫ ሆኖ ይሰናበታል። መጀመሪያ ታለቅስለት ነበር። በኋላ ግን «ቦታ መልቀቁ ነው» ማለት ጀመረች፤ ስትለው ስለ ቅጠሉ ብቻ አይመስልም።

ዓመታት አለፉ። ጋሼ ቧንቧ ጡረታ ወጡ፣ ሙያውን ግን አልተዉም፤ ቅጠሉ ከትሪ በለጠ። ብርዱ ሲበረታ እትዬ መርፌ ተክሉን ነፋስ ከሚገባበት የበር ጥግ አንስታ፣ ከመቁረጫ ጠረጴዛው አጠገብ ባለው ሣጥን ላይ አወጣችው። ማታ ማታ አጠጥታ፣ መስኮቱን ዘግታ ትተኛለች። ቅጠሎቹ ጠረጴዛውን እንደ ጥላ ከደኑት።

ያኔ ልጇን የምትድር አንዲት መምህርት ወይን ጠጅ ሐር አምጥታ ቀሚስ አዝዛ ነበር። አንድ ጠዋት እትዬ መርፌ ብትነሳ ሐሩ ላይ ሦስት ክብ የውሃ እድፍ ተቀምጧል። ቀና አለች። በቅጠሎቹ መሃል አሻግራ ጣሪያውን አየችው፤ ድሮ የደረቀ ቡናማ እድፍ እዚያ አለ። ላዩ ደግሞ የጋሼ ቧንቧ መታጠቢያ ቤት ነው። ጨርቁን ይዛ ደረጃውን ወጣች።

«ጋሼ፣ ቧንቧዎ እያፈሰሰ ነው።»

«የኔ ቧንቧ?»

«ከላዬ ሌላ ማን አለ?»

«ይህን ቧንቧ በገዛ እጄ ነው የዘረጋሁት፣ እታለም።»

«እንግዲያው እጅዎ አርጅቷል።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቃሉ ከከንፈሯ ሳይርቅ ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን ሐሩ በእጇ ነበር፣ ንዴቱም በሆዷ። እሳቸው እድፉን ለረጅም ጊዜ አዩና በሩን ቀስ ብለው ዘጉ። ከሰዓት በኋላ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ።

አራት ቀን ሙሉ፣ እንደ ልብ በማይታጠፍ ጉልበታቸው ተንበርክከው የመታጠቢያ ቤታቸውን ወለል ሰበሩ። እሷ ከታች ጨርቅ ተርፏት ነበርና የቀሚሱን የፊት ክፍል እንደገና ቆረጠች። እያንዳንዷ የመዶሻ ምት ደረቷ ላይ ያረፈች ይመስላት ነበር። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው እርጥብ ነው። በአራተኛው ቀን ማምሻውን ጋሼ ቧንቧ አሮጌውን ቧንቧ አውጥተው አዲስ ገጠሙ።

በማግስቱ እትዬ መርፌ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ሳፋ ታቅፋ፣ ጣሪያውን እያየች ጠብታውን ልትጠብቅ ተቀመጠች። ጠብታው እጇ ጀርባ ላይ አረፈ። ጣሪያው ግን ደረቅ ነው። እንደገና ጠበቀች። ሰማዩ ሲገረጣ የትልቁ ቅጠል ጫፍ ላይ አንዲት የውሃ ዶቃ አበጠች፣ ከበደች፣ ወደቀች። ማታ የጠጣውን፣ በታፈነው ክፍል ማትነን ያቃተውን ውሃ፣ ተክሉ በጆሮው ጫፍ ሲያወጣ አድሮ ኖሯል። ጥግ ላይ በነበረበት ዘመን ወለሉ ላይ እየወደቀ ሳታየው ይደርቅ ነበር።

እፍረቱ እስከ ጆሮዋ አቃጠላት። ባልዲውን ወደ ጥጉ መለሰችው።

በዚያው ጠዋት ጋሼ ቧንቧ ወረዱ። ጣታቸው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ጠረጴዛው ደረቅ ነው።» ቀጥላ ልትነግራቸው ነበር፤ ዓይኗ ግን ሲሚንቶው ላይ ቀረ።

ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። ፊታቸው ግን ወደቀ። «አሮጌውን ቧንቧ አገላብጬ አየሁት፤ በውሃ ሞከርኩት፤ ቀዳዳ አላገኘሁበትም። ስቀይረው ቆመ ማለት፣ ቀዳዳው እያለ እኔ ማየት አቅቶኛል ማለት ነው።» እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ ገልብጠው አዩት። «አንቺ አስቀድመሽ አየሽው። ደግ አደረግሽ።»

ከዚያ ጥቅል ሸራ አቀበሏት። «የመሣሪያ ከረጢት ስፊልኝ፤ ጠንከር አድርገሽ። መሣሪያዎቼን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በአውቶቡስ እልክለታለሁ። ወጣት ነው፤ ዓይኑ ያያል።»

ሸራውን ስትሸሸው ሰነበተች፤ ረቡዕ ዕለት መኪናው ላይ ዘረጋችው። መርፌዋን አስገብታ አንድ ስንዝር እንኳ ሳትሰፋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ከሰባት ወር ዝምታ ያወጧትን ሰውዬ፣ እሷ በአንዲት ቃል ከሙያቸው ልታወጣቸው ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ይህ ደግሞ የባሰ ሆነባት። ያለ ማስረጃ ብትነግራቸው ልታጽናናቸው ስትል የፈጠረችው እንዳይመስላቸው ፈራች። አፍ ያበላሸውን ዓይን ያቅናው አለች።

ማታውን ተክሉን ጠረጴዛው አጠገብ መለሰችው፣ አጠጣችው፣ መስኮቱን ዘጋች። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩታ ቀሰቀሰቻቸው። ካፖርት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው ወረዱና ጠረጴዛው ፊት ተቀመጡ። ከቅጠሉ ሥር ሳህን አለ።

ነጋ። ሳህኑ ደረቅ ነው። አፍራበት አምስት ቀን ውሃ ነስታው ኖሮ፣ የአንድ ማታ ውሃ ጥሙን እንኳ አልቆረጠለትም።

«የዝሆን ጆሮ ለማየት ነው የቀሰቀስሽኝ?»

ያለ ምስክር ተናገረች፤ ስለ ጠብታው፣ ስለ ውሸቱ፣ ሁሉንም። ጋሼ ቧንቧ አዳመጧትና ፈገግ አሉ፤ የሐዘን ፈገግታ። «እኔን ለማዳን ብለሽ አፍ የሌለውን ትከሻለሽ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አንቺ ደግሞ ጭራሽ ጥፋተኛ አደረግሽው።»

«ነገም ይምጡ።»

«ነገ ከረጢቴን ስጪኝ።»

«ነገ ከመጡ እሰፋለሁ።»

ዓርብ ዕለት የመጡት ለከረጢቱ ነበር። ትናንትም ማታም አጠጥታዋለች። ሁለቱም ዓይናቸውን ቅጠሉ ላይ ተክለው ተቀምጠዋል። መስኮቱ መገርጣት ሲጀምር የቅጠሉ ጫፍ አበራ። ጠብታዋ ሳህኑን ነካች፤ ትንሽ ድምፅ ናት፣ ግን በዚያ ዝምታ ደወል አከለች። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ።

ጋሼ ቧንቧ ብድግ አሉ። አራተኛዋን በጣታቸው ተቀበሉ፣ አሿት፣ አሸተቷት። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ የቅጠሉን ግንድ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ መስመር እንደሚፈትሽ ሰው፣ እስከ አፈሩ ድረስ ወረዱ።

«ያለ ፓምፕ» አሉ በመጨረሻ። «አርባ ዓመት ውሃ ወደ ላይ ለመግፋት ስታገል ኖርኩ። ይሄ ባልዲ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያለ ፓምፕ ያወጣል።»

«ጋሼ፣ እጅዎ አርጅቷል ያልኩት...»

«እሱስ አርጅቷል። ግን አያፈስም።»

ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ አፈተለከ። እሳቸው ግን እንደ ተቆጣ አባት ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «ምን ያስቅሻል? እኔ ወለል የሌለው መታጠቢያ ቤት አለኝ። ማን ሊያነጥፈው ነው?»

ከረጢቱ ሳይሰፋ ቀረ። ያን ቀን መኪናዋን ሸፍና ወጣች፤ ቀሚሷን በገመድ ሸብ አድርጋ ሴራሚክ ስታቀብል፣ ሲሚንቶ ስታቦካ ዋለች። ጋሼ ቧንቧ ያነጥፋሉ፣ እሷ መስመሩን በዓይኗ ትለካለች።

«ሦስተኛው ጠሟል፤ ስፌቱ ዞረ።»

«እዚህም መርፌ ልትሆኝብኝ ነው?»

ጥግ ላይ ሲደርሱ እትዬ መርፌ ሴራሚኩን እንደያዘች ቆመች። «እኔ አፈሰሰ ስላልኩ ብቻ» አለች፣ «ያላፈሰሰ ቤትዎን ሰበሩ። በቃሌ ወለሉን የሚሰብርልኝ ሰው እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

እሳቸው ቀና አላሉም። ጆሯቸው ግን ቀልቷል።

«አሜን፤ አሁን ጫፉን ዝቅ አድርጊው» አሉ፤ «ሲሚንቶው ምስጋና አይጠብቅም፤ ይደርቃል።»

ዝቅ አደረገችው፤ ገጠመ።